ገዳዩ ማሽን ሲሆን ደሙ ከማን ይጠየቃል?

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የምንኖር የንባብ ማኅበር አባላት ባለፈው እሑድ ስለ ራስ-ገዝ የጦር መሣሪያዎች ስንነጋገር ሳንጨርስ መሽቶብን ተለያየን። ውይይቱ በጽሑፍ እንዲቀጥል ስለተስማማን ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ዘግይተው ለሚገቡ አባላት እንዲመች ደግሞ የመክፈቻ ሐሳቤንና እስካሁን የተሰጡትን መልሶች በቁጥራቸው ተራ እዚህ አቅርቤአለሁ። የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ፍሬ ነገሩን ግን እንዳላዛባ ተጠንቅቄአለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ያነሣሁት ሐሳብ ይህ ነበር። አንዴ ከተሰማራ በኋላ ዒላማውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ የሚተኩስ መሣሪያ በሰው ላይ እንዳይውል በዓለም አቀፍ ሕግ መከልከል አለበት። ምክንያቴ ማሽን ይሳሳታል የሚል አይደለም፤ ሰውም ክፉኛ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ደሙ ባለቤት ማጣቱ ነው። ሰው ሰውን ሲገድል ገዳዩ ይሸሽ ይሆናል፣ አዛዡ ይሸፍንለት ይሆናል፣ ዳኛ በነጻ ያሰናብተው ይሆናል፤ ነገር ግን የሟች ወገን እገሌ ነው ብሎ የሚከስሰው፣ ሽማግሌ የሚልክበት፣ ይቅር ለማለት እንኳ ስሙን የሚጠራው ሰው አለ። ማሽን ሲገድል አምራቹ እኔ አላሰማራሁትም ይላል፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው እኔ የማውቀው ስሌቱን ብቻ ነው ይላል፤ አዛዡ ቦታውን እንጂ ሰውየውን አልመረጥኩም ይላል፤ ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለሐሳቤ ማጠናከሪያ እንዲሆነኝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ዓ.ም. 166 አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ እገዳ አጽድቀዋል ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት መሆኑ ወዲያው ተነግሮኛል።

መልስ 1

በሕግ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ እኅታችን ጥያቄው በአማርኛ በመነሣቱ ደስ እንዳላቸው በትሕትና ገልጸው የጻፍኩትን አረሙ። ያ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ምክክሩ እንዲቀጥል የሚጠይቅ እንጂ መሣሪያውን የሚያግድ አይደለም፤ 166 አገሮች ሲደግፉት ቤላሩስ፣ ሰሜን ኮሪያና ሩሲያ ተቃውመውታል፣ 15 አገሮች ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ ማንንም አገር አያስገድድም። ዋናው ድርድር የሚካሄደው በጄኔቫ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የተወሰኑ መደበኛ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በመደበኛ ባልሆነ ስብሰባ ተጀመረ፤ ከ2017 ጀምሮ የመንግሥታት ባለሙያዎች ቡድን ይዞታል፤ ቡድኑ የሚወስነው በሙሉ መግባባት ብቻ በመሆኑ ጥቂት አገሮች እንኳ እምቢ ካሉ ውሳኔ አይተላለፍም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበው አቋም ከእኔ ሐሳብ ጋር እንደሚቀራረብም ጠቁመዋል፦ ሰውን ዒላማ የሚያደርጉትና ውጤታቸው አስቀድሞ የማይታወቀው ይከልከሉ፣ የቀሩት ደግሞ በቦታ፣ በጊዜና በዒላማ ዓይነት ይገደቡ የሚል ነው። በመጨረሻም ሦስት ነገሮችን እንዳንደባልቅ ለምነውናል፤ ሰው ከሩቅ የሚያበርረው ድሮን፣ ለአንድ ሥራ ብቻ የተስተካከለ አውቶማቲክ መከላከያ፣ እና ዒላማውን ራሱ የሚመርጥ መሣሪያ አንድ አይደሉም።

መልስ 2

በገላን የሚኖሩ፣ በአየር መቃወሚያ ያገለገሉ ጡረተኛ መኮንን በሁለተኛው ነጥብ ላይ ቆሙ። ወደ መርከብ የሚምዘገዘግ ሚሳይልን ለመምታት ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ፋላንክስ የሚባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መትረየስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ራሱ አይቶ ራሱ ሲተኩስ ኖሯል፤ ያንን ማገድ መርከበኞቹን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው አሉ። ማሽን አይተኩስ የሚሉ ሰዎች ሚሳይል መጥቶባቸው እንደማያውቅ ጨምረው ጽፈዋል። ቃላቸው ቢጠነክርም ልዩነቱን ግልጽ አድርጎልኛል፤ ሚሳይል እናት የለውም፣ የምጨነቀውም ለእሱ አይደለም።

መልስ 3

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በሰሜኑ ድንበር ለዓመታት ፈንጂ ሲያመክኑ የኖሩ ናቸው። ራስ-ገዝ መሣሪያ አዲስ ነገር መስሎ መቅረቡ አልተዋጠላቸውም፤ ፈንጂ ከቀበረው ሰው ተለይቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በክብደት ብቻ ዒላማውን የሚመርጥ መሣሪያ ነውና። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 በአልጀርስ በስምምነት ሲዘጋ ወታደሩ ሰምቶ ተመለሰ፤ ፈንጂው ግን አልሰማም። ወራሪው ኢጣሊያ ከቀበረው ጀምሮ እስከ ሶማሊያ ጦርነትና እስከ እርስ በርሱ ጦርነት ድረስ የተቀበረው በየዘመኑ የተፈራረሙትን ሰዎች ዕድሜ አልፎ ይጠብቃል። እረኛን ከወታደር አይለይም፤ ፍየል አስከትላ የምትሄድን ልጅ ከመሐንዲስ ጦር አይለይም። ሆኖም አብዛኛው ዓለም ፀረ ሰው ፈንጂን እ.ኤ.አ. በ1997 በኦታዋ ስምምነት ከልክሎታል፤ አገራችንም በ2004 አጽድቃዋለች። ስለዚህ የመኮንኑን ሥጋት እንደሚረዱት፣ ግን መሣሪያው ለወታደር ይጠቅማል የሚለው ክርክር ለፈንጂም ይቀርብ እንደነበርና ክልከላውን እንዳላስቀረው ጽፈዋል።

መልስ 4 እስከ 6

አንድ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ውኃ ከጠፋ ብዙ ቀን በሆነበት ሰፈር ስለ ሮቦት ጦርነት መነጋገር ምን ይረባል ሲሉ ጻፉ፤ ሁለት ሰዎችም ተከትለው የየብሎካቸውን የውኃ ተራ ዘረዘሩ። ምሬታቸው ተገቢ ነው፤ ሌላ የውይይት ክር ከፍተንላቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ግን በበራችን ላይ የተተከሉት ካሜራዎች የሰው ፊት መለየት ከጀመሩ ነገሩ ከእኛ ሰፈር የራቀ እንዳልሆነ አስታውሰው ወደ ጉዳዩ መለሱን።

መልስ 7

በሶፍትዌር ሙያ የተሰማራ ወጣት ወንድማችን፣ ማሽኑ ይወስናል የሚለው አነጋገሬ ራሱ ኃላፊነትን የሚያስመልጥ ነው ሲል ተቸኝ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሰው አያውቅም፤ ካሜራው ያየውን ምስል ቀድሞ ከተማረባቸው ምስሎች ጋር አነጻጽሮ ይህ ታጣቂ የመሆኑ ግምት ከመቶ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከየት ላይ ሲደርስ ይተኮስ የሚለውን የቆረጠው ሰው ነው። በየትኞቹ ምስሎች ይማር፣ የት ቦታ ይፈተን ያለውም ሰው ነው። እንግዲህ ውሳኔው ጠፍቶ አይደለም፤ ወደ ኋላ፣ ከጦር ሜዳው በፊት ወደነበረ ቢሮ ተገፍቶ ነው።

ቀጥሎ ያመጣው ምሳሌ የብዙዎቻችንን ልብ ነክቷል። የኛ አገር እረኛ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጆቹን በጫፍና ጫፉ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ገበሬ በጋቢው ተጠቅልሎ ሞፈር ተሸክሞ ይመለሳል። ለቀብር የወጣ ሕዝብ በጠባብ መንገድ ተሰልፎ፣ ከፊቱ አንድ ነገር የተሸከሙ ሰዎችን አስቀድሞ ይጓዛል። ይህን ሁሉ ከሰማይ ሆኖ፣ በሌላ አገር ምስል የተማረ ማሽን ሲያየው ዱላውን ምን ይለዋል? ሰልፉንስ? ወጣቱ መልሱን አውቃለሁ አላለም፤ መሣሪያውን የሚገዛ መንግሥት ይህን ሳይፈትሽ መግዛት እንደሌለበት ግን አጥብቆ ተናግሯል። የሕግ መምህርቷም ወዲያው ከሥሩ እንዳከሉት፣ የጦርነት ሕግን በያዙት የጄኔቫ ስምምነቶች ላይ የተጨመረው፣ እ.ኤ.አ. የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 36 ማንኛውም አባል አገር አዲስ መሣሪያ ሲያጠና፣ ሲሠራም ሆነ ሲገዛ ከሕጉ ጋር መስማማቱን እንዲመረምር ግዴታ ጥሎበታል።

መልስ 8

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። አንድ ተሳታፊ ሰብዓዊ ቁጥጥር፣ ማለትም ማሽኑን ሰው ይቆጣጠረው የሚባለውን ነገር እንደ ጣዖት ማምለካችንን እንድናቆም ጻፉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1988 ቪንሴንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 290 ሰዎች ስትፈጅ፣ የመርከቧ ኮምፒውተር አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን በትክክል መዝግቦ ነበር፤ ተሳስተው እየወረደ ነው ያሉት በድንጋጤ የተያዙት ሰዎች ናቸው። ማሽን አይፈራም፣ አይሰክርም፣ ለወንድሙ ደም አይበቀልም፣ ሴት አይደፍርም። ሮናልድ አርኪን የተባሉት አሜሪካዊ የሮቦት ተመራማሪም በዚሁ ምክንያት በሚገባ የተሠራ ማሽን ከወታደር ይልቅ ሕግ ሊያከብር ይችላል ብለው መከራከራቸውን አስታወሱ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ እንዳላለፍኩት አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው መልስ የስምንተኛውን ጸሐፊ የመሣሪያ ነጋዴ አፈ ቀላጤ እስከ ማለት ደረሰ። ይህ ስድብ ነውና ጸሐፊው እንዲያነሱት ጠይቄአለሁ፤ አስተካክለውታል። በአሥረኛው መልስ ጡረተኛው መኮንን ያልጠበቅነውን ማስረጃ በራሳቸው ሙያ ላይ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 በኢራቅ ጦርነት ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ ሚሳይል ሥርዓት የወዳጅ የሆነውን የእንግሊዝ ቶርኔዶ አውሮፕላን የጠላት ሚሳይል ነው ብሎ መደበው፤ ሠራተኞቹም አመኑት፤ በአውሮፕላኑ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ በተመሳሳይ ሁኔታ ተገደለ። ስለዚህ በአየር መከላከያ ያለ ሰው ማሽኑን የማረም ጊዜም ድፍረትም ከሌለው ቁጥጥር አለ ማለት እንደማይቻል እሳቸው ራሳቸው አምነዋል። ሶቪዬታዊው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 ሚሳይሎች ተተኩሰዋል የሚለውን የሳተላይት ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው ብሎ ባይዘግብ ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበር አስታውሰው፣ እሱ የማሰቢያ ደቂቃዎች እንደነበሩት አስምረውበታል።

መልስ 11

ከሰንዳፋ የጻፉ አንዲት እናት በጥቂት መስመር የሁላችንንም ክርክር አስቆሙት። ባለፉበት ጦርነት ወደ ቤታቸው የመጡት ገዳዮች ሰዎች ነበሩ፤ ዓይን ነበራቸው፣ ሲለመኑ ይሰሙ ነበር፣ ግን አልራሩም። የሰው ልብ ያድናል የሚለውን ከእሳቸው ፊት እንዳንናገር ጠየቁ። እኔ በመክፈቻው ላይ ስለ ርኅራኄ ባልጽፍም ሌሎች ጽፈው ስለነበር ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

መልስ 12

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ በማኅበራችን ጋሼ የምንላቸው፣ ረጅም መልስ ጽፈዋል። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1925 ወጣ፤ ኢጣሊያ በ1928 አጸደቀችው፤ ይህችው ኢጣሊያ በ1935 እና በ1936 ያንኑ መርዝ በአውሮፕላን በሠራዊታችንና በገበሬዎቻችን ላይ አዘነበችው። ንጉሠ ነገሥቱ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1936) በጄኔቫ ቆመው ይህንኑ ተናገሩ፤ የሰማቸው እንጂ የደረሰላቸው አልነበረም። ስለዚህ ለወረቀት ተስፋ ከመጣላችን በፊት አባቶቻችን የከፈሉትን እንድናስብ አሳሰቡ።

ከዚያ ግን ወደ ሌባ ሻይ ዞሩ። በድሮው ዘመን ሌባ ሲታጣ አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፣ በገመድ እየተመራ ይለቀቃል፣ ሮጦ በገባበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ለምን እዚያ እንደገባ አያውቅም፤ የሚመራው ሰው እኔ አልመረጥኩም ይላል፤ የተያዘው ሰው የሚከራከርበት ምክንያት አይሰጠውም። ሥርዓቱ የተወገደው ሁልጊዜ ስለሚሳሳት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሊጠየቅ የማይችል ፍርድ ፍርድ ስላልሆነ ጭምር እንደሆነ ጋሼ አስረድተው፣ ራሱ መርጦ የሚተኩስ ማሽን ያንኑ ብላቴና እንደሚያስታውሳቸው ጻፉ። በአንጻሩ አፈርሳታ ነበር፤ ወንጀለኛው ሲጠፋ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እየተጠየቀ ይውላል፣ እስኪወጣጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይበተንም፣ ወንጀለኛው ካልተገኘም ካሳውን በጋራ ይከፍላል። ለማሽን ግድያ የሚያስፈልገው አፈርሳታ ነው አሉ፤ አምራቹም፣ ሻጩም፣ ገዥውም፣ አዛዡም ተሰብስበው ይጠየቁ፣ ካልተለየ ሁሉም ይክፈሉ።

ይህ ሐሳብ እኔ በመክፈቻው ላይ መልስ የለውም ብዬ ያለፍኩትን በር እንደከፈተ እዚሁ ልናገር።

መልስ 13

የሕግ መምህርቷ በሁለት ነገር ለጋሼ መለሱ። አንደኛ፣ ወረቀት ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ዓይን የሚያጠፋ የሌዘር መሣሪያ ገና በጦር ሜዳ ሳይስፋፋ እ.ኤ.አ. በ1995 ተከልክሎ ክልከላው ጸንቷል። ሁለተኛ፣ አፈርሳታን የሚመስል መርህ በራሳችን ሕግ ውስጥ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው አምልጦ ቢጎዳ እንኳ፣ ጉዳቱ ያልተጠበቀ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው ይላል፤ አንቀጽ 2081 ደግሞ ይህንኑ ለማሽንና ለተሽከርካሪ ባለቤት ያደርገዋል። የጎረቤት በሬ ወግቶ ሲገድል በሬው አስቦ ነበር ወይ ብሎ የሚከራከር የለም። ይሁን እንጂ ይህ ካሳ ነው፤ የወንጀል ቅጣት ያለ አሳብ ወይም ያለ ቸልተኝነት አይኖርምና የጦር ወንጀል ክስ ሲመጣ ክፍተቱ እንዳለ ይቆያል፤ ጦርነት ላይ ያለ መንግሥትን መክሰስም የባለ በሬ ጎረቤትን እንደ መክሰስ አይደለም።

መልስ 14

ከሰበታ የጻፉ ተሳታፊ ስለ ጉማ አነሱ። ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን በሽማግሌ በኩል ቀርቦ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደሙ ይደርቃል። ካሳው ያለ ማመኑ ደም እንደማያደርቅ አስረግጠው፣ ገንዘብ ብቻ የሚያስከፍል ሕግ ለሟች ቤተሰብ ግማሽ ነገር መሆኑን አስረዱ።

መልስ 15 እስከ 17

አሥራ አምስተኛው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2020 በሊቢያ ካርጉ የተባለ የቱርክ ሥሪት ድሮን ራሱ መርጦ ሰዎችን ገድሏል ሲሉ፣ መምህርቷ በ2021 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ሪፖርት መሣሪያው ከአንቀሳቃሹ ጋር ሳይገናኝ እንዲያጠቃ ተደርጎ መዘጋጀቱን እንጂ ሰው መግደሉን በግልጽ እንዳልጻፈ አረሙ። ይህ እርማት አንድ ተሳታፊን አስቆጣ። ስለ ሊቢያ እንዲህ እየተጠነቀቅን በራሳችን አገር በቅርቡ ድሮን ያዘነበውን ሞት ለምን እንደምንዘለው በምሬት ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህርቷ የመለሱት፣ እነዚያ ድሮኖች ከሩቅ በሰው የሚታዘዙ መሆናቸውን፣ ይህ ልዩነት ለሞተው ምንም እንደማይፈይድ፣ ሆኖም ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠና ያዘዘ ሰው ስላለ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው አለ ማለት እንደሆነ ነው። አለመጠየቁ የሕግ ጉድለት ሳይሆን የፈቃድ ጉድለት ነው አሉ።

መልስ 18

እኔ ራሴ ሐሳቤን አሻሽዬ ጻፍኩ። ሚሳይልንና ሮኬትን የሚመክቱ መከላከያዎችን ከክልከላው አውጥቻለሁ። በሰው ላይ የሚያነጣጥሩትን በሚመለከት ግን አቋሜን አጥብቄአለሁ፤ እናታችን በመልስ 11 የተናገሩትም አላለዘበኝም። ሰው ይራራል ብዬ አይደለም። የማይራራውን ሰው ግን በስሙ መያዝ ይቻላል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሕይወት መብት ባወጣው አጠቃላይ ትርጓሜ፣ ማሽን የሰው ዒላማ ሲመርጥም ሆነ ኃይል ሲጠቀም ትርጉም ባለው የሰው ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት ብሏል፤ ከዚያ ቀደም ሲል በ2013 እነዚህ መሣሪያዎች ለጊዜው እንዲታገዱ ለሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ያሳሰቡት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስቶፍ ሄይንስ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊና የቀይ መስቀል ኮሚቴ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ2023 በጋራ ባቀረቡት ጥሪ አስገዳጅ ስምምነት እስከ 2026 እንዲደረስ ጠይቀዋል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከኛ ሰፈር በአንድ ታክሲ መንገድ ላይ ነው፤ ጉዳዩ የሩቅ ነው የሚለውን እንዳንቀበል ለምኜአለሁ።

መልስ 19 እስከ 22

ስምንተኛው ጸሐፊ ተመልሰው፣ ማሽኑ ከሰው የተሻለ ሕግ እንደሚያከብር በፈተና ቢረጋገጥ ክልከላው ሰዎችን ያስገድላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሐቀኝነት የመለስኩላቸው፣ በአንዳንድ ቦታ ሊያስገድል እንደሚችል ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ቀላል አልነበረም።

ወጣቱ የሶፍትዌር ባለሙያ ተግባራዊ ሐሳብ አመጣ። ማንኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ ምን አየ፣ ምን ያህል ገመተ፣ ማን አሰማራው፣ መተኮሻ ቁጥሩን ማን ቆረጠው የሚለውን ሊፋቅ በማይችል መዝገብ እንዲይዝ፣ መዝገቡም ከጦርነት በኋላ እንዲሰጥ በሕግ ይገደድ አለ። መኮንኑ ምስጢር ነውና ማንም ሠራዊት አይሰጥም ብለው ተቃወሙ።

ለዚህ የመለሱት ፈንጂ አምካኙ ናቸው። መምህርቷ በጠቀሱት የ1980ው ስምምነት ሥር ያለው የተሻሻለው የፈንጂ ፕሮቶኮል የፈንጂ ወረዳ ካርታ እንዲያዝና ውጊያ ሲቆም እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ካርታም የጦር ምስጢር ነበር። ካርታ ባለበት ቦታ ሥራቸው ከየት እንደሚጀመር ይታወቅ ነበር። በሌለበት ግን በሆዳቸው ተኝተው አፈሩን በቀጭን ብረት እየወጉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጸዱት አንድ ምንጣፍ የማታህል መሬት ነበረች፤ ከአጠገባቸው ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ፣ መቼ እንደሚጨርሱ እየጠየቀ ይጠብቃቸው ነበር።

መልስ 23

የሰንዳፋዋ እናት ናቸው። መዝገቡ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍና እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሄዶ ሊያስነብበው ይችል እንደሆነ ወጣቱን ጠይቀዋል። ወጣቱ ገና አልመለሰም።